የስኳር ኩፖንና የኮታ ደረሰኝ

መቼም አሮጌ ወረቀት የሚሰበስብ ሰው ያልተቀደደና ያልቆሸሸ ነገር ይወዳል። በደርግ ዘመን የቀበሌ ኩፖን ላይ ግን እኛ በዚህ አንስማማም። ያልተቀደደ ኩፖን ማለት እኮ ቤት ያልገባ ስኳር ነው! ተራው ሳይደርስ አልቆ ይሆናል፤ ወይም የካርዱ ባለቤት ብር አልነበረውም።

ለማናስታውሰው ልጆች ነገሩ እንዲህ ነው። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ ቀበሌዎች ተቋቋሙ። እያደርም የቀበሌ ሱቅ መጣ። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙና፣ ዘይትና እህል በቤተሰብ ቁጥር ልክ በካርድ ይታደል ጀመር። «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» በሚባልበት ዘመን ለጓዳ የተረፈው ይኸው ነበር።

እህሉስ ከየት ይመጣ ነበር? ከገበሬው ነዋ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በየገበሬ ማኅበሩ ኮታ መድቦ፣ ከገበያው በታች በሆነ በተቆረጠ ዋጋ ይገዛ ነበር። ምርት ሲጎድልበት ከገበያ በውድ ገዝቶ ኮታውን የሞላ ገበሬ ነበር። ስለዚህ የከተሜው ኩፖን ግማሽ ወረቀት ነው፤ ሌላው ግማሽ የገበሬው ደረሰኝ ነው።

ለእኛ ለወሎ ልጆች ደግሞ ሦስተኛ ወረቀት አለ፤ የእርዳታ ካርድ። በ1977ቱ ረሃብ ያ አራሽ ገበሬ ራሱ ስንዴ ፍለጋ ከደሴ ወደ መቀሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ወዳሉት ከተሞች ወረደ። መርሳም ወልድያም ያሉት በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ኮታው የቀረው በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ነው።

እንግሊዞች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቀረውን የራሽን ደብተራቸውን በሙዚየም አኑረውታል። የእኛስ? በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ሲቆይ፣ መሥሪያ ቤቶች ተዘርፈው ወድመዋል። የተረፈው መዝገብ በእናቶቻችን ሣጥን፣ ከዕድር ደብተሩ ሥር ያለው ነው።

እባካችሁ ዘንድሮ ቤት ሲጸዳ «ቆሻሻ ነው» ብላችሁ አትጣሉት። የማን እንደነበረ፣ ምን እንደተወሰደበት እናታችሁን ጠይቁና በፖስታው ላይ ጻፉ፤ በወረቀቱ ላይ ግን አትጻፉ። የተቀደደው ካለ እሱን በተለይ አስቀምጡት። ያ የተበላበት ነው።