የባሮ ቀዛፊዎችና የስፖርተኛነት መለኪያ

ጎልፍ፣ ማለትም ትንሽ ኳስን በዱላ እየመቱ በሰፊ ሜዳ ላይ በተራራቁ ጉድጓዶች የማስገባት ጨዋታ፣ እ.ኤ.አ. በ1900 እና በ1904 በኦሊምፒክ ከተካሄደ በኋላ ከመርሐ ግብሩ ወጥቶ የተመለሰው በ2016 ነው። የወጣውም የተመለሰውም የተጫዋቹ ጥበብ ጠፍቶ ስለተገኘ አይደለምና፣ የጎልፍ ተጫዋች እውነተኛ ስፖርተኛ ስለመሆኑ የሚነሳው ክርክር በውድድር መዝገብ ብቻ አይፈታም፤ የጋምቤላ ታሪክም ይህንኑ ያጠናክራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1902 (እ.ኤ.አ.) ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል መሠረት በጋምቤላ፣ በባሮ ወንዝ ዳር፣ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በክረምት ወንዙ ሲሞላ ከካርቱም በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ከጎሬና ከደምቢዶሎ የወረደውን ቡና ይጭኑ ነበር። ውኃው ሲጎድል መርከቦቹ ይቀሩ ነበር፤ የአኝዋ ብሔረሰብ ቀዛፊ ግን፣ ኦፔኖ ብሎ በሚጠራው በዚሁ ወንዝ ላይ፣ ከአንድ ግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ሥራውን ይቀጥል ነበር። ታንኳው ጠባብ በመሆኑ በትንሽ መዛነፍ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ቀዛፊው ሚዛኑን እየጠበቀ፣ ከውኃው ገጽ ሞገድ የአሸዋውን ክምር እየለየ፣ አንዳንዴም ቆሞ ዓሣ በጦር እየወጋ ይጓዛል። የጎልፍ ተጫዋች ሰውነቱን ለአንዲት ምት አስተካክሎ በመግዛቱ የስፖርተኛነት ስም ይገባዋል ከተባለ፣ ደግሞም ይገባዋል፣ ይኸው መለኪያ የባሮውን ቀዛፊ ይበልጥ ያካትታል።

የቀዛፊው ድካም ለእንጀራ እንጂ ለጨዋታ አይደለም የሚለው ተቃውሞ ሚዛን አይደፋም፤ በለንደን ከ1715 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የቴምዝ ወንዝ የቀዘፋ እሽቅድምድም የተዘጋጀው መንገደኛ በማሻገር ለሚተዳደሩ ወጣት ጀልበኞች ነበር። እነርሱን ስፖርተኛ ያሰኛቸው ሥራቸውን መተዋቸው ሳይሆን ሽልማት ያቆመላቸውና ውጤታቸውን የመዘገበላቸው ሰው መኖሩ ነው፤ ባሮ ላይ የነበሩት መዝጋቢዎች ግን የቡናውን ክብደትና ቀረጡን እንጂ የቀዛፊውን ብቃት አልጻፉም።

የጋምቤላ ጣቢያ በጥቅምት 1956 (እ.ኤ.አ.) ለኢትዮጵያ ተመለሰ። በቀጣዩ ወር ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ፣ በሜልቦርን፣ ስትሳተፍ ያሰለፈችው ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር፤ የዚያው ኦሊምፒክ የታንኳ ውድድር በዌንዱሪ ሐይቅ ሲካሄድ ከባሮ የሄደ ቀዛፊ አልነበረም።