ቫይታሚን ዲ እና በስኳር በሽታ የሚመጣ የነርቭ ጉዳት

በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችንና ነርቮችን የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮችን ይጎዳል። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ ከእግር ጣቶች ይጀምራል። ምልክቶቹ መደንዘዝ፣ ማቃጠል፣ በመርፌ የመወጋት ዓይነት ስሜትና ሌሊት የሚብስ ሕመም ናቸው። አንዳንድ ታማሚ ግን ምንም ስለማይሰማው እግሩ መቁሰሉን የሚያውቀው ሲያየው ብቻ ነው።

የቫይታሚን ዲ ድርሻ

ቫይታሚን ዲ አጥንትን ከማጠንከር ሌላ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ከልክ በላይ እንዳይቆጡ ይረዳል። በስኳር ታማሚዎች ላይ ቀስ ብሎ የሚቆይ ብግነት (የሰውነት መቆጣት) ይታያል፤ ይህም ነርቭን ከሚጎዱ ነገሮች አንዱ እንደሆነ ይታሰባል። የነርቭ ጉዳት ባለባቸው ታማሚዎች ላይ የቫይታሚን ዲ እጥረት በብዛት ይገኛል። ይህ ግን እጥረቱ ጉዳቱን አምጥቷል ማለት አይደለም፤ እግሩን የሚያመው ሰው ከቤት ባለመውጣቱም ፀሐይ ሊያጣ ይችላል። እንክብሉ የተጎዳ ነርቭን እንደሚፈውስ አልተረጋገጠም።

ፀሐይ እያለ እጥረት ለምን ይኖራል?

ቫይታሚን ዲ በዋናነት የሚሠራው ፀሐይ ቆዳን በቀጥታ ሲያገኝ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላቸው የወንጪ ቦታዎች ፀሐዩ ብርቱ ቢሆንም በብርዱ ምክንያት ሰው በጋቢና በወፍራም ልብስ ተሸፍኖ ይውላል፤ ክረምቱም ደመናማ ነው። ቆጮ፣ ገብስና ድንች ቫይታሚን ዲ የላቸውም። በእንቁላል አስኳልና በጉበት ውስጥ ጥቂት፣ ቅባት ባለው ዓሣ ውስጥ ደግሞ በርከት ብሎ ይገኛል።

ምን ማድረግ ይገባል?

• ከሁሉ በፊት ስኳርዎን ይቆጣጠሩ። ነርቭን ከተጨማሪ ጉዳት የሚጠብቀው ዋናው ነገር ይህ ነው።
• እጥረት እንዳለ ሐኪም ከጠረጠረ በደም ምርመራ ይታወቃል። ምርመራው በጤና ጣቢያ ከሌለ በአምቦ ወይም በወሊሶ ሆስፒታል ይጠይቁ።
• እንክብሉን በራስዎ አይጀምሩ። ከመጠን ሲያልፍ በደም ውስጥ ካልሲየም ከፍ እንዲል ያደርጋል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል።
• ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ከወሰዱ ስለ ቫይታሚን ቢ12 ይጠይቁ። መድኃኒቱ ቢ12ን ሊቀንስ ይችላል፤ የቢ12 እጥረትም እግር ያደነዝዛል፤ ግን ይታከማል።
• እግርዎን ከምድጃ ወይም ከከሰል አጠገብ አያሙቁ። ፍል ውሃ ውስጥ ከመግባትዎ በፊትም ሙቀቱን ስሜቱ ያልቀነሰ ሰው በክንዱ ይለካልዎ። የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አያሳውቅም።
• በየቀኑ ማታ ውስጥ እግርዎንና የጣቶችዎን መሃል ይመልከቱ፤ ካልታየዎት ልጅዎ ወይም ባለቤትዎ ይይልዎ። በባዶ እግር አይሂዱ፤ ጫማ ከማድረግዎ በፊት ውስጡን በእጅዎ ይፈትሹ።

ቁስል፣ ውሃ የቋጠረ ቦታ፣ እብጠት ወይም የቆዳ መጥቆር ካዩ ባያምዎትም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።