ስቴም ሴል ለልም አጥንትና ለአጥንት ጥገና

ከታካሚው ወይም ከለጋሽ የተወሰደ ስቴም ሴል (ወደተለያየ ዓይነት ሕዋስ ሊለወጥ የሚችል ያልበሰለ ሕዋስ) በተጎዳ መገጣጠሚያ ወይም አልገጥም ባለ ስብራት ላይ ተደርጎ የጠፋው አካል መልሶ እንዲያድግ የሚሞከርበት የሕክምና ዘርፍ ነው። በብዛት የሚሠራበት ሜዘንካይማል የሚባለው ዓይነት ሲሆን፣ የሚገኘውም ከመቅኔ፣ ከስብና ከእትብት ደም ነው። በአጥንት ላይ ያስገኘው ውጤት አበረታች ነው፤ በልም አጥንት ላይ ግን ገበያው ከማስረጃው ቀድሞ ሄዷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አጥንትና ልም አጥንት ጎን ለጎን ቢኖሩም ሲጎዱ ዕጣቸው ለየቅል ነው። አጥንት ደም እንደ ልብ ይደርሰዋል፤ በወጉ ከታሰረ ብዙውን ጊዜ ጠባሳ ሳይተው ይገጥማል። የአጥንቶችን ጫፍ የሚሸፍነው ነጭና ልሙጥ ልም አጥንት ግን የደም ሥርም ነርቭም የለውም። ጉልበት ውስጥ ውፍረቱ ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው ክብደቱ ውኃ ነው። ኮንድሮሳይት የሚባሉት ሕዋሶቹ ጥቂት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በየክፍላቸው ስለተዘጉ ወደ ቁስሉ ሄደው ሊጠግኑት አይችሉም። ስኮትላንዳዊው የአናቶሚ ሊቅ ዊሊያም ሀንተር አንዴ የጠፋ ልም አጥንት እንደማይመለስ የጻፈው በ1743 ነው፤ ፍርዱም እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተሻረም።

የመቅኔ ስቴም ሴል ታሪክ የሚጀምረው ሞስኮ ውስጥ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ አሌክሳንደር ፍሪደንስታይንና ባልደረቦቹ ከመቅኔ ሕዋሶች መካከል ጥቂቶቹ በላቦራቶሪ መስተዋት ዕቃ ግርጌ ተጣብቀው እንደሚራቡ፣ ወደ እንስሳ አካል ሲዛወሩም አጥንት እንደሚሠሩ አሳዩ። አሜሪካዊው አርኖልድ ካፕላን በ1991 ሜዘንካይማል ስቴም ሴል ብሎ ሰየማቸው። ችግሩ ቁጥራቸው ነው፦ በመቅኔ ውስጥ ከ10,000 ሕዋሶች አንድ ቢገኝ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ መቅኔውን በማሽን አሽከርክሮ እዚያው ማጠንከር (ሕዋሶቹን በጥቂት ፈሳሽ ውስጥ ማጠራቀም)፣ ወይ በላቦራቶሪ ለሳምንታት ማራባት። ሁለተኛው መንገድ ሕዋሱን በሕግ ፊት መድኃኒት ያደርገዋል፤ የፍርድ ቤት ክርክርም ከዚህ ተነሥቷል።

በአጥንት በኩል በብዛት የሚጠቀሰው ፈረንሳዊው ፊሊፕ ኤርኒጉና ባልደረቦቹ በ2005 ያሳተሙት ሥራ ነው። የቅልጥም ስብራታቸው አልገጥም ብሎ የቆዩ 60 ሕሙማን ከዳሌያቸው መቅኔ ተቀድቶ፣ ተጠንክሮ፣ ቆዳ ሳይከፈት በመርፌ ወደ ስብራቱ ተሰጣቸው። 53ቱ ገጠመላቸው። የበለጠ ትምህርት ያለው ግን ባልዳኑት 7ቱ ዘንድ ነው፤ የተሰጣቸው መቅኔ ውስጥ የነበረው የአጥንት ሠሪ ሕዋስ ብዛት ከዳኑት ያነሰ ነበር። በአቀዳዱም ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ መርፌው አንድ ቦታ ቆሞ ብዙ ከሳበ የሚመጣው መቅኔ ሳይሆን ደም ስለሚሆን፣ ከየቦታው ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ እየተወሰደ መርፌው ይዛወራል። ጥናቱ ኢንፌክሽን የያዘውን ስብራት አላካተተም። የተሰበረ አጥንት ሳይነቃነቅ መቆየት እንዳለበት ወጌሻም ሐኪምም የሚስማሙበት ጉዳይ ነው፤ ስቴም ሴልም ከዚህ ግዴታ ነፃ አያወጣም።

ልም አጥንት ላይ መንገዱ ረዝሟል። በ1980ዎቹ አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቴድማን ከልም አጥንቱ ሥር ያለውን አጥንት በቀጭኑ እየበሱ መቅኔው ወደ ቁስሉ እንዲፈስ የማድረግን ዘዴ አስፋፋ። ዘዴው ርካሽና ቀላል ነው፤ የሚበቅለው ሽፋን ግን ከተፈጥሮው ይልቅ ጠባሳ የሚመስልና ቶሎ የሚያልቅ ነው። በ1994 የስዊድን ሐኪሞች ከ23 ሕሙማን ጉልበት ኮንድሮሳይት ወስደው፣ አራብተው እንደመለሱ አስታወቁ። ይህ ዘዴ ብዙ ጊዜ ከስቴም ሴል ጋር ይምታታል፤ ሕዋሱ ግን አስቀድሞ የበሰለ የልም አጥንት ሕዋስ ነው።

በእውነተኛ የስቴም ሴል ምርትነት በ2012 በደቡብ ኮሪያ ፈቃድ ያገኘው ካርቲስቴም ነው። የተሠራው ከለጋሽ የእትብት ደም በተራባ ሕዋስና ሃያሉሮኔት በሚባል ዝልግልግ ነገር ነው። ሐኪሙ ጉልበቱን ከፍቶ፣ የተበላሸውን ልም አጥንት ጠርጎ፣ በአጥንቱ ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸውን ጉድጓዶች ይቆፍርና ድብልቁን ይሞላባቸዋል። ከአጥንት መብሳቱ ዘዴ ጋር ባወዳደረው ሙከራ፣ ከ48 ሳምንት በኋላ ልም አጥንታቸው በጉዳት መለኪያ ቢያንስ አንድ ደረጃ የተሻሻለላቸው በካርቲስቴም ወገን 98 በመቶ ገደማ፣ በሌላው 72 በመቶ ገደማ ነበሩ። በዚያው ጊዜ ግን ሕመምን በማስታገስና ጉልበትን በማሠራት ሁለቱ አልተበላለጡም፤ ልዩነቱ የታየው ዘግይቶ፣ በክትትሉ ዓመታት ነው። በምርመራ ያማረ ጉልበት ሁሉ ሕመሙ ያነሰ ጉልበት አይደለም።

ሕዋሱ በምን መንገድ እንደሚሠራ ያለው አስተሳሰብም ተለውጧል። መጀመሪያ የታሰበው እንደ ጡብ ተደርድሮ ራሱ አዲስ አካል ይሆናል ተብሎ ነበር። አሁን የሚያመዝነው አስተያየት አብዛኛው የተሰጠ ሕዋስ ብዙ ሳይቆይ እንደሚጠፋና ጥቅሙ በሚያመነጫቸው ኬሚካላዊ መልእክቶች እንደሆነ ነው። ካፕላን ራሱ የሰጠው ስም እንዲቀየር በ2017 ጠይቋል።

በየክሊኒኩ የሚሸጠው አብዛኛው ነገር ግን ቀዶ ሕክምና የሌለው የጉልበት መርፌ ነው። በ2023 ኔቸር ሜዲስን ላይ የወጣና 475 የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ያለባቸውን ሰዎች የመረመረ የአሜሪካ ጥናት የመቅኔ፣ የስብና የእትብት ሕዋስ መርፌን ከተለመደው የስቴሮይድ መርፌ ጋር አወዳደረ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ አንዳቸውም ከርካሹ ስቴሮይድ አልበለጡም። ጉዳቱም የታየ ነው፦ በ2018 በአሜሪካ የእትብት ደም ምርት የተወጉ 12 ሰዎች በባክቴሪያ ተመርዘው ሆስፒታል ገብተዋል፤ ባክቴሪያው ባልተከፈቱ ጠርሙሶች ውስጥም ተገኝቷል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2016 የፈቀደው ማሲ የተባለ ምርት የታካሚውን የራሱን ኮንድሮሳይት የያዘ እንጂ የስቴም ሴል ምርት አይደለም። ለመገጣጠሚያ መበላትም ሆነ ለአጥንት ስብራት መሥሪያ ቤቱ የፈቀደው የስቴም ሴል ምርት የለም።