የፍላድ ቤት ዜና፤ በጋፋትና በጀንዳ የሆነው

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ። ከባሕር ማዶ መጥተው በጋፋትና በጀንዳ የተቀመጡትን የፍላድንና የባለቤታቸውን የወይዘሮ ፓውሊናን ነገር እንጽፋለን። እኔ እንጀራቸውን በልቻለሁ፤ ወረቀታቸውንም ገልብጫለሁ። ስለ እነርሱ ክፉ ይጻፍ የሚል ቢኖር ሌላ ጸሐፊ ይፈልግ።

የፍላድ አገር ጀርመን ነው፤ ግዛቱም ቩርተምበርግ ይባላል። በባዝል ከተማ አጠገብ በኮረብታ ላይ ቅድስት ክሪሾና የምትባል አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለች። ሽፒትለር የሚባሉ ምእመን በ1832 ዓ.ም. ገደማ በዚያች ስፍራ ባለ እጅ ወጣቶችን ሰብስበው መጽሐፍ ያስተምሩ ጀመር። የማንንም ገንዘብ ሳይጠብቅ በእጁ ሥራ እየኖረ ወንጌል የሚሰብክ ሰው ወደ ሩቅ አገር ሊልኩ አሰቡ። ኋላም ከኢየሩሳሌም ተነሥቶ ዐባይን ተከትሎ እስከ ሐበሻ የሚደርስ መንገድ ሊያቆሙ፣ በመንገዱም ላይ በዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም የሚጠሩ ዐሥራ ሁለት ማረፊያዎች ሊሠሩ ተነሡ። ከዐሥራ ሁለቱ የቆሙት ጥቂት ናቸው። ሐዋርያት ራሳቸው ግን ማረፊያ ሳይሠራላቸው ሄደው ነበር።

ይህን አሳብ ወደ አገራችን ያቀኑት ሳሙኤል ጎባት ናቸው። እኒህ ሰው በወጣትነታቸው ጎንደር ተቀምጠው ካህናቱን ያውቁ ነበር፤ ኋላ በኢየሩሳሌም የፕሮቴስታንቶች ጳጳስ ሆኑ። የሐበሻ ሰው ሰባኪ እንደማያጣ፣ ባለ እጅ ግን እንደሚያጣ ተረድተው ነበር። በ1847 ዓ.ም. በዘመነ ሉቃስ፣ ዳግማዊ ቴዎድሮስ በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው በነገሡበት ዓመት፣ ዶክተር ክራፕፍ በቅድስት ክሪሾና የተማሩትን ወጣቱን ፍላድን አስከትለው መጡ። ክራፕፍ ቀድሞ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሸዋ ተቀምጠው የወጡ ናቸው፤ ስለ አወጣጣቸው እዚህ መጻፍ አያሻም። ንጉሡና አቡኑም ሠራተኞች ቢመጡ እንቀበላለን አሉ።

በማግሥቱ ዓመት ፍላድ ከባለ እጆቹ ከቤንደር፣ ከማየርና ከኪንዝለን ጋር ተመለሱ። በጓዛቸው ውስጥ የጎጃሙ አባ አብርሃም በካይሮ የተረጎሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረበት። ንጉሡም ተቀበሉት። ከመጽሐፉ ይልቅ አንድ ሣጥን ባሩድ ቢመጣልኝ ብለው ነበር የሚሉ አሉ። ንጉሡ ግን ዳዊት ደጋሚ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ፍላድ ወደ ኢየሩሳሌም ወርደው ፓውሊና ኬለርን አገቡ። እርሳቸው ካይዘርስቨርት በሚባል የጀርመን ማኅበር ሕሙማንን ማስታመም የተማሩ፣ በኢየሩሳሌምም በዚሁ ሥራ ያገለገሉ ሴት ናቸው። ከወጣቶቹ ከዋልድማየርና ከዛልሙለር ጋር ሆነው ዐባይን ሽቅብ ተከትለው፣ የሱዳንን በረሃ ተሻግረው ገቡ። የአልጋውን ሙቀት፣ የእናቷንም አገር ትታ ባሏን ተከትላ ወደማታውቀው ምድር የምትወጣ ሴት በመጻሕፍት የተመሰገነች ናት። መጻሕፍቱ ግን የምትገባበት ቤት ጭስ ምን ያህል እንደ ሆነ አይናገሩም።

ንጉሡ የሰጧቸው ቦታ ጋፋት ናት፤ ከደብረ ታቦር አቅራቢያ ያለች ኮረብታ። በዚያች ኮረብታ ቤት ሠሩ፤ ከብት ረባ፣ ልጅ ተወለደ፣ የሕፃናትም ትምህርት ተጀመረ። ዋልድማየርና ዛልሙለር የሊቀ መኳስ ዮሐንስ ቤልን ሴቶች ልጆች አገቡ። ዮሐንስ ቤል እንግሊዛዊ ሲሆኑ የንጉሡ ወዳጅና ባለሟል ነበሩ፤ በጦርነትም ንጉሣቸውን ሲከላከሉ ወደቁ። ከቀሩትም ሠራተኞች አብዛኞቹ ከዚሁ አገር አገቡ። ጋፋት የነጭ ሰፈር ተብላ ትጠራ እንጂ በየቤቱ እንጀራ የምትጋግረው፣ ልጁንም በአማርኛ የምታባብለው የአገሪቱ ልጅ ነበረች። ጋፋትን ያጸናት ስብከት ነው የሚል አለ፤ እኔ ጋብቻ ነው እላለሁ።

ሕዝቡ ግን ሥዕል አይሳለሙም፣ ታቦት አይሸኙም ብሎ ጸረ ማርያም አላቸው። እኔ በቤታቸው የእመቤታችን ስም ሲሰደብ አልሰማሁም። ሲመሰገንም አልሰማሁም።

በ1852 ዓ.ም. ስተርን የሚባል ሰው ለአይሁድ ከሚሰብክ የለንደን ማኅበር ተልኮ መጣ፤ ለቤተ እስራኤል ሊሰብክ ነው። ንጉሡና አቡኑም ፈቀዱለት፤ ነገር ግን የሚያምነው ሁሉ በአገሪቱ ቤተ ክርስቲያን፣ በአገሪቱ ካህን እጅ ይጠመቅ ብለው ወሰኑ። ሥራውንም ፍላድ ተቀብለው በደምቢያ በጀንዳ ከቤተ ሰባቸው ጋር ተቀመጡ። ቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪና ሸማኔ ነበሩ፤ ኦሪትን ይጠብቁ፣ ሰንበትንም አጥብቀው ያከብሩ ነበር። ፍላድም የሙሴን መጽሐፍ በአማርኛ ገልጠው አነበቡላቸው። ቀድሞ በግእዝ ከካህናቶቻቸው አፍ ብቻ ይሰሙት የነበረውን በእናት ቋንቋቸው ሲሰሙ ብዙዎች ተደነቁ። ወጣቶቹ ለማንበብ መጡ፤ ማንበብ የያዘም ጠየቀ፤ የጠየቀም ከካህናቱ ጋር ተከራከረ። ክርክሩ ከመንደር ወጥቶ ንጉሡ ፊት ደረሰ። ንጉሡም ሁለቱን ወገን ሰምተው የሥላሴን እምነት አጸኑ፤ ስብከቱም አልተከለከለም። በ1854 ዓ.ም. ከቤተ እስራኤል የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ተጠመቁ። በጀንዳ የሆነው ደስታ ብዙ ነበር። የዘራ ዐጨደ፤ ያለቀሰ ሣቀ፤ ለዚህ ቀን የጸለዩ በባዝልና በለንደን እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ የዚህም ዜና በደብዳቤ ተጽፎ በየአገሩ ተነበበ።

በዚያው ዘመን አባ ማህሪ የሚባሉ የቤተ እስራኤል መነኩሴ ሕዝቡን ወደ ኢየሩሳሌም ብለው ወደ ትግራይ አስነሥተው ብዙ ሰው በመንገድ አለቀ፤ ብዙዎች ይህን ስብከቱ ካመጣው ክርክር ጋር ያያይዙታል።

ስተርን ወደ አገሩ ተመልሶ መጽሐፍ አሳተመ፤ በመጽሐፉም የንጉሡን እናት ኮሶ ሻጭነት አወራ። ከዚያም እንደ ገና መጣ። እንግዳ ሆኖ የአስተናጋጁን እናት የሚያወራ ሰው መንገዱን ማሳጠሩ ነው። በጥቅምት 1856 ዓ.ም. ንጉሡን አስቆጣ፤ ተገረፈ፣ ታሰረም። የእንግሊዝ ንግሥት ለጃንሆይ ደብዳቤ መልስ ስላልሰጠች ቆንስሉ ካሜሮንም ከዚያ በኋላ ታሰረ። የጀንዳ ሥራ ተቋረጠ፤ የፍላድ ቤትም ወደ ጋፋት ተመለሰ።

አሁን ወደ ታላቁ ነገር እንመጣለን። ንጉሡ ከጋፋት ሰዎች መድፍ ፈለጉ። እነርሱም አናውቅም አሉ፤ እውነትም አያውቁም ነበር። ንጉሡ አገልጋዮቻቸውን በሰንሰለት ባሳሰሩ ጊዜ ይሞከር አሉ። መጀመሪያ የሞከሩት አልቀናም። ቆይቶ ግን እቶኑ ጸና፤ ነሐሱ ቀለጠ፤ ፈሰሰ። ንጉሡ ራሳቸው እየመጡ ሥራውን ያዩ ነበር፤ ሲቀናም እጅግ ደስ አላቸው። የሁሉ ታላቅ የሆነው ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። ፈረንጅና ሐበሻ በአንድ ወናፍ ፊት ቆመው፣ በአንድ ላብ ተነክረው ሠሩት። በንጉሡ ዘንድ ክብራቸው ከፍ አለ፤ ፈረስና በቅሎ ተሸለሙ። የቅድስት ክሪሾና ሽማግሌዎች ይህን በሰሙ ጊዜ ምን እንዳሉ እኔ አልጽፍም።

በ1858 ዓ.ም. በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ንጉሡ ፍላድን ወደ እንግሊዝ ላኩ፤ ሠራተኞችና የሥራ ዕቃ እንዲያመጡ ነው። ወይዘሮ ፓውሊናንና ሕፃናቱን ግን ባላቸው እስኪመለሱ በንጉሡ ጥበቃ በጋፋት አስቀመጧቸው። መያዣ ናቸው የሚል ቃል በእንግሊዞች ወረቀት አለ። እኛ እንግዳ ነበሩ እንላለን፤ ንጉሥ የሚጠብቀው እንግዳ ያለ ፈቃድ አይሄድምና። በነሐሴ ፍላድ ንግሥት ቪክቶሪያን አዩ። ሠራተኞቹም ዕቃውን ይዘው እስከ ምጽዋ መጡ፤ እስረኞቹ ሳይፈቱ ግን አትግቡ ተባሉ። በሚያዝያ 1859 ዓ.ም. ፍላድ ባዶ እጃቸውን ንጉሡ ፊት ቆሙ። እንግሊዝ አገር ተቀምጠው ለልጆቻቸው ደብዳቤ ብቻ መጻፍ ይችሉ ነበር፤ ያ ሳይሆን ተመለሱ። በዚህ መጽሐፍ ከጻፍሁት ሁሉ፣ ከመድፉም ጭምር፣ ይህ ይበልጥብኛል።

የጋፋት ሰዎች ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። በ1860 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ በጥቅምት መባቻ፣ ደብረ ታቦር ተቃጠለች፤ ሰፈሩ ወደ መቅደላ ተነሣ። ሴቶቹና ሕፃናቱ ከሠራዊቱ ጋር ሄዱ። ሴባስቶፖል በሰው ጉልበት እየተሳበ፣ መንገዱ ከፊቱ እየተቆረጠ፣ በጅዳና በበሽሎ ገደል ወርዶ ወጣ፤ በመጋቢት መቅደላ ደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን፣ በዕለተ ስቅለት፣ እስረኞቹን ሊያስፈታ ከመጣው የእንግሊዝ ጦር ጋር በአሮጌ ጦርነት ሆነ፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቁ። ከመድፎቹ አንዱ ተሰበረ፤ ባሩዱ በዝቶበት ነው ይባላል። ሚያዝያ 4 ቀን ንጉሡ ፍላድን ከእስረኛው መኮንን ከፕሪዶና ከደጃዝማች ዓለሜ ጋር ወደ ጦሩ አዛዥ ወደ ሮበርት ናፒየር ለእርቅ ላኩ። እርቁ አልሆነም፤ ማታ ግን እስረኞቹ ተለቀቁ። ሚያዝያ 5 ቀን፣ በፋሲካ፣ ሠራተኞቹና ቤተ ሰቦቻቸው ወረዱ፤ ወይዘሮ ፓውሊናም ከልጆቻቸው ጋር ነበሩ። ንጉሡ ለእንግሊዞች የፋሲካ ከብት ልከው ነበር፤ አልተቀበሏቸውም። በማግሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን ንጉሡ እንዴት እንደ ሞቱ ሁሉም ያውቀዋል፤ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር። መቅደላ ተቃጠለች፤ መጻሕፍቷም በዝሆንና በበቅሎ ተጭነው ሄዱ። የጫኗቸው ወንጌል ሊሰብኩ የመጡት አልነበሩም።

ዋልድማየር ባለቤታቸውን ይዘው ወደ ሊባኖስ ሄዱ፤ በብሩማና ትምህርት ቤት ከፈቱ። ፍላድ በቩርተምበርግ በኮርንታል ተቀመጡ። በኋላ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ የፈረንጅ ሰባኪ አይግባ ስላሉ ጀንዳን ዳግመኛ አላዩም፤ ከምጽዋ አጠገብ እስከ ሞንኩሎ ድረስ ግን መጥተው ሠራተኞቻቸውን ያገኙ ነበር። በእነርሱ ቤት ያደገው ሚካኤል አረጋዊ በቅድስት ክሪሾና ተምሮ በ1866 ዓ.ም. ገደማ ተመለሰና ሥራውን ያዘ፤ ክራፕፍ ያረሙት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዚያችው ኮረብታ ታተመ። ያመነውን እንደ ፊተኛው ውሳኔ የእኛው ካህናት ያጠምቁት ነበር። ስሙ የሚቆጠረው ግን በለንደን መዝገብ ነበር።