ከ‹እኩል› ወደ እኩልነት

በመዘዞና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ለሚኖር አርሶ አደር «እኩል» የሚለው ቃል በቅድሚያ የሚያስታውሰው አንድ የውል ዓይነት ነው። በሬ የሌለው ወይም ለማረስ አቅም ያነሰው ሰው መሬቱን ለሌላ ይሰጣል፤ አራሹ በበሬውና በጉልበቱ ያለማዋል፤ ገብሱ ወይም ባቄላው ሲወቃ አውድማው ላይ ለሁለት ይከፈላል። መሬታቸውን ለእኩል ከሚሰጡት መካከል ብዙዎቹ ባላቸው የሞተባቸው ወይም በፍቺ የተለያዩ እናቶች መሆናቸው ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም። ሴት እያረመች፣ እያጨደች፣ እየተሸከመች ኖራ ሳለ ሞፈር መጨበጥ ግን የወንድ ሥራ ነው ተብሎ ስለቆየ የምርቷን ግማሽ አሳልፋ ትሰጣለች።

ዛሬ በየስብሰባው «ዘላቂ ልማት» እና «እኩልነት» የሚሉ ቃላት ይደጋገማሉ። የዩኒየናችንን የምሥረታ በዓል ስናከብር፣ እነዚህ ቃላት በምን መንገድ ወደ እኛ እንደደረሱና ለዚያች እናት አውድማ ምን እንዳመጡ መለስ ብሎ ማየት ተገቢ ይመስለናል።

አባቶች ያቆዩት ጓሳ

የተፈጥሮ ሀብትን ለልጅ ልጅ አቆይቶ መጠቀም ከውጭ የተማርነው ብቻ አይደለም። ከጣርማበር ተገንጥሎ በመዘዞ በኩል ወደ መንዝ የሚዘልቀውን መንገድ የተከተለ ሰው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለውን ጓሳ ያገኛል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ይህ ሰፊ የሣር ምድር ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል አገር በቀል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ እንዲያገግም አንዳንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋል፤ ሲደርስ በጋራ ውሳኔ ይከፈታል፤ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይውላል።

ይሁን እንጂ ይህ ሥርዓት ለሁሉም አልነበረም። ባለመብቶቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለዱ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ዘር ያልሆነ ጎረቤት ሣሩን ከሩቅ እያየ ይኖር ነበር። ስለዚህ ጓሳ ዘላቂነት ነበረው፤ እኩልነት ግን ጎድሎት ነበር።

የርስቱም ነገር እንዲሁ ነው። በደጋው የርስት ሥርዓት ሴት ልጅ በአባቷም በእናቷም በኩል ርስት የመጠየቅ መብት ነበራት። ነገር ግን አግብታ ወደ ባሏ አገር ስትሄድ መሬቱ ብዙ ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቀር ነበር፤ የያዘችውም ብትሆን ለእኩል ትሰጠው ነበር።

የ1967ቱ አዋጅና ያልጸናው እኩልነት

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31/1967 የጾታ ልዩነት ሳይደረግ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ ደነገገ። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ ለሌላት ሴት ክልከላው እንዲላላ አደረገ። ሆኖም በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የሚጻፈው በአብዛኛው የቤተሰቡ ኃላፊ ስለነበረ፣ ባለትዳር ሴት በባሏ ስም ተጠቃልላ ቀረች። በዚያው ጊዜ ቄሮ ፈረሰ። ለብዙዎች የተዘጋው ጓሳ ተከፈተ፤ ጠባቂ በማጣቱ ግን ተጎዳ። ነዋሪው እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን እስኪያቋቁም ድረስ ጊዜ ወስዷል።

በ1970 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 138 ደግሞ ኅብረት ሥራን በሶሻሊዝም መንገድ አዋቀረ። መልባ፣ ወልባ፣ ወላንድ የሚባሉት ደረጃዎች መሬትን፣ ቀጥሎም በሬንና መሣሪያን የጋራ የሚያደርጉ ነበሩ። ገበሬው እህሉን በኮታ ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ማስረከብም ነበረበት። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ተበተኑ። ያለ አባላት ፈቃድ የመጣ እኩልነት ዕድሜ እንደሌለው ያን ጊዜ ታየ።

የዓለም ቃል ኪዳንና የእኛ ደብተር

በዓለም ደረጃ ዘላቂ ልማት የሚለው ሐሳብ በ1979 ዓ.ም. በብሩንትላንድ ኮሚሽን ሪፖርት ጎልቶ ወጣ፤ በ1984 ዓ.ም. በሪዮ ጉባኤ የመንግሥታት አጀንዳ ሆነ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 43 ዘላቂ ልማት የማግኘት መብትን፣ በአንቀጽ 35 ሴቶች በመሬት አጠቃቀም፣ አስተዳደርና ማስተላለፍ ያላቸውን እኩል መብት አሰፈረ። በጳጉሜ 1992 ዓ.ም. የሚሌኒየሙ መግለጫ ወጣ፤ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የልማት ፋይናንስ ጉባኤ በአዲስ አበባ ተካሄደ፤ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ 17ቱ የዘላቂ ልማት ግቦች ጸደቁ። አምስተኛው ግብ ስለ ጾታ እኩልነት ሲናገር ሴቶች በመሬት ላይ እኩል መብት እንዲኖራቸው ይጠይቃል።

እዚህ ላይ ልንኮራበት የሚገባ ነገር አለ። ያ ግብ ከመጽደቁ ከ10 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ፣ በ1995 ዓ.ም. በአማራ ክልል በስዊድን ድጋፍ በሙከራ የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ የባልንም የሚስትንም ስም በአንድ ደብተር አስፍሯል፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፏል። ለእናቶቻችን ይህ ደብተር በክርክር ጊዜ የሚቆምላቸው ምስክር ነው።

የቀረን ሥራ

የዛሬው ኅብረት ሥራ መሠረት የተጣለው በአዋጅ ቁጥር 147/1991 ነው፤ በሥራ ላይ ያለውም አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። አንድ አባል የቱንም ያህል ዕጣ ቢገዛ ድምፁ አንድ ነው። የዓለም አቀፉ ኅብረት ሥራ የመጀመሪያ መርህም አባልነት ያለ ጾታ ልዩነት ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጎርጎሮሳውያን 2012ን፣ እንደገናም 2025ን የኅብረት ሥራ ዓመት ብሎ የሰየመው ማኅበራት ለዚህ ዓላማ ባላቸው ድርሻ ነው።

ታዲያ የየመሠረታዊ ማኅበራችንን የአባላት መዝገብ እንግለጠው። በመሬት ደብተሩ ላይ ሁለት ፎቶግራፍ ያለው ቤተሰብ፣ በብዙ ማኅበራት መዝገብ ላይ የባል ስም ብቻ ነው ያለው። ገብሱን በአህያ ጭና መጋዘን ያደረሰችው ሚስት ናት፤ ደረሰኙ የሚቆረጠው በእሱ ስም ነው፤ በጠቅላላ ጉባኤ እጅ የሚያወጣው እሱ ነው። ሕጉ አባልነትን ለቤተሰብ ኃላፊ ብቻ አልሰጠም፤ ልማዱ ነው የሰጠው። ልማድን ደግሞ ጉባኤ ሊያሻሽለው ይችላል።

መሬቷን ለእኩል ስለምትሰጠዋ እናትም አንድ ነገር እንበል። ዘሩና ማዳበሪያው የማን ነው የሚለው የውሉን ሚዛን ይወስናል። አባል ሆና በራሷ ስም ግብዓት ካገኘች፣ ከአራሹ ጋር የምትደራደረው በባዶ እጇ አይሆንም። ይህን ለማድረግ የውጭ እርዳታ መጠበቅ አያስፈልግም፤ የመዝገብ አንድ መስመርና የጉባኤ አንድ ውሳኔ ይበቃል።

ጓሳ ያለ እኩልነት ለዘመናት ቆየ፤ የወልባው እኩልነት ያለ ፈቃድ መጥቶ ፈረሰ። እኛ ሁለቱን የማስታረቅ ዕድል አለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ከሃምሳዎቹ መካከል እናቶቻችን በስማቸው ተቆጥረው የሚገኙበት የምሥረታ በዓል እንዲሆንልን እንመኛለን።