የጎንደር ግንብና በውስጡ የነበረው ጥበብ

ከጎንደር ዘመን አስቀድሞ የኢትዮጵያ ነገሥታት አብዛኛውን ጊዜ ድንኳን እየተከሉ፥ ከአገር ወደ አገር እየተዘዋወሩ ይገዙ ነበር። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ቆርቁረው ግንባቸውን ባቆሙ ጊዜ ግን፥ ንጉሡ ብቻ ሳይሆኑ ጸሐፊውም ሠዓሊውም ማኅሌታዩም አብረው መቀመጫ አገኙ። ስለዚህ የጎንደር ግንብ የጥበብ ማደሪያ ነበረ እንጂ የኖራና የድንጋይ ክምር ብቻ አልነበረም።

12 በሮች ባሉት ቅጥር ውስጥ የሚገባ ጎብኚ ይህን በዓይኑ ይመለከታል። ልጃቸው አፄ ዮሐንስ (1660–1674 ዓ.ም.) ያሠሩት ቤተ መጻሕፍት በዚያ ነው፤ አፄ ዳዊት (1708–1713 ዓ.ም.) ያሠሩት የመዘምራን አዳራሽም በዚያው ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የቁስቋም ግንብ ይታያል። ነገር ግን አስተዋይ ሰው የግንቡን ቁመት ካደነቀ በኋላ፥ «በዚህ ቤት ምን ነበረበት?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ቆሟልና፤ መጻሕፍቱ ግን የሉበትም።

ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በአፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። ከአድባራቷ የተሰበሰቡት ብዙ የብራና መጻሕፍት መቅደላ ገቡ። መቅደላም በ1860 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር እጅ በወደቀች ጊዜ፥ በዚያ ከተከማቹት መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ለንደን ተሻገሩ፤ እስከ ዛሬም በዚያው ይገኛሉ። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ገብቶ ከእሳት የተረፉትን አብያተ ክርስቲያናት ዳግመኛ አቃጠለ። በ1934 ዓ.ም. ጦርነትም ከአየር የተጣለ ቦምብ የታላቁን ኢያሱን ግንብ ጎዳው።

ከዚህ ሁሉ መዓት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈች። የአገሩ ሽማግሎች ሲናገሩ፥ ደርቡሽ በቀረበ ጊዜ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረረው ይላሉ። ወደ ውስጥ የገባ ሰው ቀና ቢል፥ ጣሪያው በሙሉ በመላእክት ገጽ ተሥሎ ያያል፤ በምሥራቁ ግድግዳ ከስቅለቱ በላይ ሥላሴ ተሥለዋል። የፋሲል መዋኛም እንዲሁ ከነግብሩ አለ፤ በየዓመቱ ለጥምቀት ውኃ ይሞላል፥ ሕዝቡም በዙሪያው ይሰበሰባል።

ከሁሉ ይልቅ የተረፈው ግን በዓይን የማይታየው ነው። የዜማው ስልት በሊቃውንት ልብ ተጽፎ ነበርና እሳት አላገኘውም። በበዓታ ለማርያም የአቋቋም ተማሪ ዛሬም ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ያጠናል፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ ስልቱን ይከተላል። የመዘምራኑ አዳራሽ ባዶ ቢሆንም ማኅሌቱ አልተቋረጠም።

የጎንደር ግንብ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ይህም ይገባዋል። ሆኖም ጎብኚው ግንቡን አይቶ ከመመለሱ በፊት የመምህሩንም ደጅ ይርገጥ። ግንብ ቢፈርስ በኖራ ይጠገናል፤ መምህር ተተኪ ሳያወጣ ቢያርፍ ግን የፈረሰውን የሚጠግን ግንበኛ አይገኝም።