ባሮ ዳር ያለው የቡና መጋዘን

ሕክምና ጨርሰን ዕጣ ስናወጣ የእኔ ጋምቤላ ነበር። «አይዞሽ» እያላችሁ አጎበር አዋጥታችሁ የሸኛችሁኝ ትዝ ይላችኋል።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር አንድ የአኙዋ ሽማግሌ ወገባቸውን አሟቸው መጡ። «አባባ፣ ሥራዎ ምን ነበር?» ስላቸው «ልጅ እያለሁ መርከብ ላይ ቡና እጭን ነበር» አሉኝ። ጋምቤላ ላይ ምን መርከብ አለ? ወረፋው ረጅም ስለነበር ካርዱ ላይ «የቀን ሠራተኛ» ብዬ ጽፌ አለፍኩ። ቅዳሜ ባሮ ዳር ስንሸራሸር የድሮዎቹን መጋዘኖች ቅሪት አየሁና ጠየቅኩ። ለካ ሰውየው እውነታቸውን ነው!

ነገሩ የሚጀምረው በ1902 ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ዳግማዊ ምኒልክና እንግሊዝ የሱዳንን ድንበር ሲዋዋሉ፣ አራተኛው አንቀጽ ኢታንግ አጠገብ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ፈቀደ። ስፋቱ ከ400 ሄክታር፣ የወንዝ ዳሩ ርዝመት ከ2,000 ሜትር እንዳይበልጥ፣ ለጦርም ለፖለቲካም እንዳይውል ተባለ። ጣቢያው ግን በ1904 ጋምቤላ ላይ ተከፈተ። አገሩ የአኙዋ ነው፤ ውሉ ላይ ግን አኙዋ አልፈረመም።

መጋዘን ለምን አስፈለገ? መርከቦቹ ከካርቱም ተነስተው በነጭ ዓባይና በሶባት አድርገው ጋምቤላ የሚደርሱት ክረምት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። ከጎሬ በኩል በበቅሎ የወረደው የደጋ ቡና ወንዙ እስኪሞላ መጠበቅ ነበረበት። የግሪክ ነጋዴዎች ሳይቀሩ እዚያ ከትመው ነበር። ወደ ላይ ደግሞ ጨውና ጨርቅ ይወጣል። ደገኛው ነጋዴ ግን ንዳዱን ይፈራል፤ እውነቱንም ነው። መርከቡን የሚያመጣው ዝናብ ትንኙንም ያመጣል። ክረምቱ ሲያልፍ የወባ አልጋ ሲጠበን የተረዳሁት ይህንን ነው፦ የገበያውም የበሽታውም ቀን መቁጠሪያ ያው ባሮ ነበር።

በ1956 ሱዳን ነፃ ስትወጣ ኪራዩ አበቃ፤ ጣቢያውም በዚያው ዓመት ለኢትዮጵያ ተመለሰ። እያደር የምዕራቡ ቡና በመኪና ወደ አዲስ አበባ ዞረ። መጋዘኑ የሚጠብቀው መርከብ ቀረ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ሕንፃ ቅርስ ይለዋል። ጥሩ ነው። ግን አዋጅ ግድግዳ ያቆም እንደሆነ እንጂ ማን ጭኖ፣ ማን አትርፎ፣ ማን በንዳድ እንደሞተ አይነግረንም። ያንን የሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ከግድግዳው ቀድመው እያለቁብን ነው።

እኚያን አባት ዳግም አላገኘኋቸውም። አስተማሪዎቻችን «ሂስትሪ በደንብ ውሰዱ» ይሉን የነበረው ለምርመራ ብቻ መስሎኝ ነበር። አሁን በጋምቤላ የምትሠሩ ወጣቶች፣ ተማሪ ይዛችሁ የምትወርዱ መምህራን፣ አደራ፤ ወረፋው ቢረዝምም «መርከብ ላይ ሠርቻለሁ» የሚል ሰው ከመጣ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። መልሱንም ጻፉት።